ያልተነበበው ተራ ቁጥር አስራ ሰባት

የእኔ ሥራ መስማትና መጻፍ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ከመናገሪያው መድረክ ሥር፣ እግሬን እንደ ልቤ በማልዘረጋባት ጠባብ ጠረጴዛ ተቀምጬ ሌሎች ሲናገሩ ጽፌአለሁ። እኔ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም፤ ለመዝጋቢ መናገር ክልክል ነው። ማስነጠስ እንኳ ሲመጣብኝ አፍንጫዬን ጨብጬ እንባዬ እስኪወርድ እይዘዋለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ያን ሁሉ የታፈነ ወሬ ባሌ ላይ አራግፈዋለሁ፤ እሱም «ምናለ እዚያው ባናገሩሽ!» ይለኛል። ስለዚህ ነገሬ ቢረዝም አትፍረዱብኝ። ደግሞ ገብቶኝ አይደለም የማወራው፤ ግራ ገብቶኝ ነው።

የመዝገብ ክፍላችን ምድር ቤት ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጋሼ ጆሮ፣ እና ወልዳ ዕረፍት ላይ ያለችው ትንሿ። ጋሼ ጆሮ የራሱ ስም አለው፤ ግን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ከደፋ ሠላሳ ዓመት ስላለፈው ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። እኔ አዳራሽ ውስጥ በእጄ እጽፋለሁ፣ እሱ ታች ሆኖ የተቀዳውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ትንሿ ትተይባለች። ከዚያ ተናጋሪው ራሱ ወርዶ አጠገቤ ይቀመጥና ቃሉን «ያጸዳል»፤ እንዲህ ነው የምንለው። እእእ ያለው ይወጣል፣ የደጋገመው ይወጣል። የተባለ ነገር ግን አይወጣም፤ ያልተባለም አይገባም። ዝምታ እንኳ ከአራት ሰከንድ በላይ ከቆየ ይጻፋል። ሰውየው አጽድቶ ሲፈርም አለቀ። በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በታደለው ወረቀት ላይ አይደለም፤ በአፍ ተነቦ መዝገብ ላይ በሰፈረው ነው። ግማሹ አባል ማንበብ በማይችልበት ዘመን የወጣ ደንብ ነው፤ የሻረው የለም።

አሁን ወደ መቀስ ልምጣ።

መቀስ ያሉት ጋዜጠኞች ናቸው። አስራ አራት ዓመት የምክር ቤት አባል ሆኖ አስራ አራት ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ይቀነስ፣ በጀቱ ከገቢው ጋር ይመጣጠን። ሌላው አባል ተነስቶ መንገድ ይሠራ፣ አዳራሽ ይሠራ ሲል እሱ እጁን ያወጣና «በምን ገንዘብ?» ይላል። ያቺን ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት እኔና እጄ ነን የምናውቀው። ብዙ ሰው ዓይንህን ላፈር ይለዋል። እኔን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አሳምኖኛል። የሚለውን ያደርጋላ! የተሰጠውን መኪና ከነሾፌሩ መልሶ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። ምሳው ከቤቱ በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣው ዳቦና እንቁላል ነው። ከክፍላችን ሲወጣ መብራት ያጠፋል፤ እኛ ውስጥ ተቀምጠን! «ኧረ አለን እኮ ክቡርነትዎ!» ስንል «ውይ! ልማድ ሆኖብኝ» ብሎ ተመልሶ ያበራል።

ንግግሩን የሚጽፈው ደግሞ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ነው። እኔ ያጸዳሁለትን የዓምና መዝገብ ገልብጦ የዘንድሮውን ይጽፍበታል። ሲናገር ስለሚቸኩል እጄ አይደርስበትም፤ ስለዚህ በየወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ» እያልኩ እጽፍለታለሁ። አስራ አንድ ዓመት ጻፍኩለት። አንድም ቀን ቀስ ብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ የመጨረሻው ነው፤ ድጋሚ አልወዳደርም ብሏል። ከመሄዱ በፊት አንድ ረቂቅ አወጣ። አርባ አንድ የሥራ ክፍሎች የተዘረዘሩበት፣ ወይ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሥራ የሚደግሙ፣ ወይ በማሽን ሊተኩ የሚችሉ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንዲዘጉ የሚል። በአስራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደጋፊ አገኘ። በሁለት በሦስት ድምፅ ያልፋል ተባለ። ረቂቁ ሲታደል አንድ ቅጂ ወደ እኛም ወረደ። ጋሼ ጆሮ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ አስራ ስድስት ድረስ እየሳቀ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ተራ ቁጥር አስራ ሰባት፣ የምክር ቤቱ የመዝገብ ክፍል። ሥራው በተገዛው የድምፅ መጻፊያ ማሽን ይሸፈናል።»

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የባሌ የአውቶቡስ ሾፌርነት ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ያልቃል። ጋሼ ጆሮ ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ትንሿ አራስ ናት። አምስት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። የሚገርመው በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው የተናደድኩት፤ ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳነበው አርባው ትክክል መሰለኝ። አስራ ሰባትስ? ስህተት ነው እንዳይባል ማሽኑ በእርግጥም ተገዝቷል። በካርቶኑ እንዳለ በራችን ሥር ዓመት ሞልቶታል፤ ጋሼ ጆሮ ኮቱን ያስቀምጥበታል። አርባ ክፍል ሲዘጋ ልክ ነው ብዬ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግፍ ነው ልበል? እንዴት ያለ ጣጣ ነው!

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መቀስ መድረኩ ላይ ወጣ። ወረቀቶቹን ከላስቲክ አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ልማዱ መጋለብ ጀመረ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ይህ መንግሥት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካስገባው በላይ አውጥቷል። በየዓመቱ ለከርሞ እናስተካክላለን እንላለን፤ ከርሞ ሲመጣ ደግሞ ለከርሞ እንላለን። ዛሬ ለዕዳ ወለድ የምንከፍለው ለትምህርት ቤት ከምናወጣው በልጧል። ልጆቹን ሳናስተምር በስማቸው ተበድረናል ማለት ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ የእኔ ወጪ ትንሽ ናት ይላል። እውነቱን ነው፤ ትንሽ ናት። ጉድለቱ ግን ሌላ ከየትም አልመጣም፤ እነዚያው ትንንሾቹ ተደምረው ነው። ክፉ ሰው ፍለጋ አልመጣሁም። ሰነፍም አልፈልግም። ጥሩ ሰዎች ጥሩ አድርገው የሚሠሩት፣ እኛ ግን ልንከፍልበት የማንችል ሥራ አለ። ይህን ማለት ያማል። የሚያመውን ከሰው ቤት ብጀምረው ግን አጭበርባሪ ነኝ። ስለዚህ ከራሳችን ቤት እንጀምር።»

ጥሩ ሰዎች ጥሩ አድርገው የሚሠሩት ያለውም አላመለጠኝም፤ ጻፍኩት። ዝርዝሩን ቀጠለ። አንደኛ የአባላት መኪናዎች፣ ሁለተኛ የውጭ አገር ጉዞ፣ እያለ እያለ «ተራ ቁጥር አስራ ስድስት፣ የአባላት የሻይ ክፍል» አለና ወረቀቱን አነሳ።

ብዕሬን አዘጋጀሁ። የገዛ መሰናበቻዬን በገዛ እጄ ልጽፍ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ወረቀቱን አየው። ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

«ተራ ቁጥር አስራ ስምንት፣» አለና ጋለበ።

መጨረሻ ላይ «በድምሩ አርባ አንድ» ብሎ ወረደ። ደጋፊዎቹ አጨበጨቡ፤ ተቃዋሚዎቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። አንድም ሰው ልብ አላለም። በዚያ አዳራሽ ሦስት መቶ ሰው ይቀመጣል፤ የሚሰማ ግን የለም፤ ለመስማት ደመወዝ የሚከፈለን እኛ ብቻ ነን።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጋሼ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጥፍሩን ይቆርጣል።

«ጋሼ፣ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«አስራ ሰባትን ነዋ! ዘለለው እኮ!»

«እኔ እንጃ፤ ጆሮዬ አርጅቷል መሰለኝ፣» አለና ጥፍሩን መቁረጡን ቀጠለ።

ያ ጆሮ እኮ በሦስተኛው ረድፍ ማን ከረሜላ እንደላጠ የሚለይ ጆሮ ነው! ኋላ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ስሚ የኔ ልጅ፣» አለኝ፤ «ድምሩ አርባ አንድ ነው፤ የተነበበው አርባ ነው። ድምሩና ዝርዝሩ ካልገጠመ ረቂቁ ይወድቃል፤ በዚህ የሥራ ዘመን ተመልሶ አይቀርብም። እሱ ዛሬ ይፈርማል፣ ሐሙስ ሲመረመር ይወድቃል፣ ያበቃል። አንቺ የተባለውን ጻፍሽ፣ እኔ የተባለውን ሰማሁ። ንጹሕ ነን።»

እውነቱን ነው፤ ንጹሕ ነን። ታዲያ ለምን እንደሆነ አላውቅም ሰውነቴን ሁሉ አሳከከኝ።

አስር ሰዓት ላይ መቀስ ወረደ። አጠገቤ ተቀምጦ በእጄ የጻፍኩትን ማንበብ ጀመረ። አስራ ስድስት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«አስራ ሰባት የት አለ?»

«አላሉትም።»

«ብያለሁ እንጂ!»

ማዳመጫውን ከጋሼ ጆሮ ተቀብዬ ሰጠሁት። ጋሼ ጆሮ ወዲያው ሽንት ቤት ሄደ። መቀስ አዳመጠ፣ መለሰና አዳመጠ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጠ። ፊቱ ልክ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ፊት ሆነ። ወረቀቶቹን ከላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። አስራ ሰባት ለብቻው በአንድ ወረቀት አናት ላይ ተጽፏል። የዚያ ወረቀት ጀርባ የዓምናው መዝገብ ነው፤ በጠርዙ ላይ በእኔ እርሳስ «እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ» ይላል።

«ወረቀቱ ነው ያሳሳተኝ፤ ሁለት ፊት ስለተጻፈበት፣» አለ ፈጠን ብሎ። አስራ አራት ዓመት ሳውቀው ምክንያት ሲጠየቅ ፈጠን ብሎ መልሶ አያውቅም። «በይ አስገቢው። ረቂቁ ላይም አለ፣ እዚህም አለ።»

«አይቻልም። ከአፍዎ አልወጣም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁን እምቢ የምትይው ለደንቡ ነው ወይስ…» አለና ተወው።

ብድግ አልኩ። «ይጨርሱታ! ወይስ ለደመወዝሽ ነው ሊሉ ነው? አላውቅም! እኔስ መቼ አወቅኩት? ባስገባው ውሸት ጻፍኩ፤ ባላስገባው ራሷን አዳነች ልባል ነው። እስቲ እርስዎ ቁጥር ያውቃሉ አይደል፣ የቱ እንደሚሻል ይደምሩልኝ!»

በእሱ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ ወደ ላስቲኩ መለሳቸው፣ ብዕሩን አወጣ። «ልክ ነሽ። ያልተባለ አይጻፍም። አስራ አራት ዓመት ቁጥር ይግጠም እያልኩ የገዛ ቁጥሬ አልገጠመም፤ ጉድ ነው፣» አለ። ሊፈርም ጎንበስ አለ።

ወረቀቱን ከሥሩ ሳብኩት።

«ነገ ጠዋት ይፈርሙ። ትንሿ ስለሌለች አልተተየበም፣» አልኩት። ውሸቴን ነው። እኔው ራሴ ተይቤው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

አሁን የደበቅኩትን ልንገራችሁ። በደንባችን አንቀጽ ሃያ ሁለት የሚባል አለ። አባሉ ሲያነብ የዘለለው ነገር ካለ፣ መዝጋቢዋ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ካስታወቀችለት፣ በማግስቱ ጉባኤው ሲከፈት በራሱ አፍ ያሟላል። መዝጋቢዋ ካላስታወቀች ግን የለም። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሠራበት። የምናውቀው እኔና ጋሼ ጆሮ ነን፤ እሱም ሽንት ቤት ነው።

ማታ እራት ላይ ለባሌ አወራሁት። ባሌ የመቀስ ወዳጅ ነው። በአውቶቡሱ ሬዲዮ ንግግሩን ከፍቶ «በለው! ቁረጠው!» እያለ ነው የሚነዳው፤ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል። አንቀጽ ሃያ ሁለትን ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«በይ አፍሽን ያዢ! እንዳትተነፍሺ!»

«አንተ አይደለህ እንዴ ዓመቱን ሙሉ ቁረጠው ስትል የከረምከው?»

«ታዲያ ያንቺን ቁረጠው ብያለሁ?»

«የማንን ነው ያልከው?»

«የ… የሌላውን ነዋ!»

ተያየንና ከት ብለን ሳቅን፤ እሱ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀና የልጃችን ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ዓይናችን አረፈ። «ብትነግሪው ምን ይሆናል?» አለኝ ቀስ ብሎ። እንወጣለን አልኩት። «ባትነግሪውስ?» እሱ ይወድቃል፣ እኔ እቆያለሁ አልኩት። «ታዲያ ይኼ ምኑ ነው ግራ የሚያጋባው?» አለ። ጋሼ ጆሮም ግልጽ ነው፣ ባሌም ግልጽ ነው። የሁሉም ሰው ጭንቅላት የተለቀለቀ ወለል ነው፤ የእኔ ብቻ ገበያ ሆኗል። ሳህኖቹን አነሳሁ።

ጠዋት ስገባ የክፍላችን በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ሌባ ነው ብዬ መብራቱን ሳበራ መቀስ ወንበሬ አጠገብ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ኧረ በስመ አብ! በጨለማ ምን ያደርጋሉ?»

«ብቻዬን ነኝ። ለአንድ ሰው ምን መብራት ያስፈልጋል፣» አለ።

ይኼ ሰውዬ ሲያናድድም ሲያሳዝንም በአንድ መንገድ ነው የሚመጣው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ገጹን ከመሳቢያ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ያኔ ድረስ አልወሰንኩም ነበር፤ ቢፈርም ይፈርም፣ ከፈረመ እኔም አርፋለሁ ብዬ ነበር። ብዕሩን አወጣ። ክዳኑን አላቀቀ። ጫፉ ወረቀቱን ነካ።

«አንቀጽ ሃያ ሁለት!» አልኩት፤ ሰው እንደሚሳደብ አድርጌ ነው ያልኩት።

ቀና አለ። ነገርኩት። አንድ በአንድ፣ እየተቆጣሁ፣ እሱ እንዳጠፋ ሁሉ እየገላመጥኩት ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣

«ማስታወቂያውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ባትጽፊው ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«አላውቅም አልኩ! አይጠይቁኝ በቃ!»

ወረቀት ሳብኩና ጻፍኩት። ሦስት መስመር ናት። ከሥሩ ድምፁን የሰማው ሰው መፈረም አለበት፤ በዚሁ መሃል ጋሼ ጆሮ ገባ። ኮቱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። እንግዲህ አሁን ጆሮዬ አርጅቷል ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ዝምታው አምስት ሰከንድ ተኩል ነው። አምስት ብለሽ የጻፍሽው ተሳስተሻል፣» አለና ፈረመ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ግድግዳውን ዞሮ ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

ጉባኤው ተከፈተ። አፈ ጉባኤው ማስታወቂያዬን አነበቡና «አባሉ ትናንት የዘለሉት ስላለ በራሳቸው አፍ ያሟሉ» አሉ። ያኔ ተቃዋሚዎቹ ነቁ። እነዚያ ትናንት ስልካቸውን ሲጎረጉሩ የዋሉት ሁሉ «ምን ዘለለ? የቱን ዘለለ?» እያሉ ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ። ያላሟላ እንደሆነ ረቂቁ መውደቁን አንዱ ለሌላው በጆሮው ሲነግረው አየሁ። አስር ሰከንድ ነው የሚሰጠው፤ በአስር ሰከንድ ካልተናገረ አፈ ጉባኤው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋሉ።

መቀስ ያቺን አንድ ወረቀት ይዞ መድረኩ ላይ ወጣ። በዚህኛው ፊት አስራ ሰባት፣ በዚያኛው የእኔ እርሳስ።

«ተራ ቁጥር…» አለ።

ቆመ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳል ይዞት ነው ብዬ ነበር። አራት። ወረቀቱን አልገለበጠም፤ ወረቀቱን እያየም አልነበረም። አምስት። ቁልቁል እኔን ነው የሚያየኝ። ኧረ ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ? አስራ አራት ዓመት የለፋህበት እኮ ነው! ስድስት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሰባት። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን አነሱ። ዝም ብል አለቀ። እግሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ምንም ሳላደርግ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጡረታዬ ይደርሳል። ስምንት። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ እንደ ማስነጠስ ነው፣ አፍንጫዬን ልይዘው እጄን ሁሉ አንስቻለሁ። ዘጠኝ።

«አስራ ሰባት!»

እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ያልኩት! ደግሞ በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ፤ የመጨረሻው ረድፍ ሰምቷል። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ማን እንደተናገረ ፈለገ፤ ጠረጴዛው የተናገረ ነው የመሰላቸው።

መቀስ ፊቱን ወደ ጉባኤው መለሰ። «ተራ ቁጥር አስራ ሰባት። የምክር ቤቱ። የመዝገብ። ክፍል። ሥራው። በተገዛው። የድምፅ መጻፊያ ማሽን። ይሸፈናል።»

በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለ። እጄ ደረሰበት፤ እንዲያውም ጠበቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ሊያጸዳ ወረደ። በአዳራሹ የተሰማ ድምፅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይጻፋል። ስለዚህ ጽፌዋለሁ፤ «አባሉ፦ ተራ ቁጥር። ዝምታ፣ ዘጠኝ ሰከንድ። መዝጋቢዋ፦ አስራ ሰባት።» በሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ ውስጥ የእኔ ቃል ያቺ ብቻ ናት። መስመሩን ደጋግሞ አነበበው።

«ይኼ ይውጣ፣» አለኝ። «ለራስሽ ብለሽ አውጪው። ነገ ያነበበ ሰው ምን ይላል? ሰው እንዲስቅብሽ ትፈልጊያለሽ?»

«የተባለ ነው።»

«እባክሽ።»

«የተባለ አይወጣም። ይፈርሙ።»

ፈረመ። ሐሙስ ዕለት ረቂቁ በሁለት ድምፅ አለፈ። ባሌ በሬዲዮ ሲሰማ አውቶቡሱን ከፌርማታው አሳልፎት ሄደ፤ ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ እሱም አያውቅም። ተሳፋሪዎቹ ጮኸው አስቆሙት።

ክፍላችን የተዘጋው የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ትንሿ ልጇን ታቅፋ መጥታ ዕቃዋን ወሰደች፤ ሳመችኝ፣ ግን ዓይኔን አላየችም። ጋሼ ጆሮ ማዳመጫውን ለማሽኑ ሰዎች አላስረክብም ብሎ በኮቱ ውስጥ ደብቆ ወጣ። ካርቶኑ ተከፈተ። እኔ መሳቢያዬን ሳጸዳ መቀስ መጣ። የሱም የመጨረሻ ቀን ነበር። ቆሞ አየኝ፤ ይቅርታ ሊል የመጣ ይሁን ሊያመሰግን የመጣ አልገባኝም፤ ለሱም የገባው አይመስለኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣» አልኩት። «ያን ማክሰኞ ወረቀቱ ነው ያሳሳተዎት ወይስ አስራ ሰባትን አይተው ነው የዘለሉት?»

«ለመዝገብ ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ለራስሽ?»

«መዝገብማ ተዘጋ። ለራሴ ነው።»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ኮፍያውን ጣቶቹ መሃል አሽከረከረ። እኔም ከልማዴ የተነሳ መቁጠር ጀመርኩ። አስር አለፈ፣ አስራ አንድ አለፈ። አስራ ሰባት ላይ ስደርስ ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገና ወጣ፤ ሲወጣ መብራቱን አጠፋው። አለሁ እኮ ልለው ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ዝምታው ከአራት ሰከንድ በላይ ስለሆነ መጻፍ ነበረበት፤ ያኔ የምጽፍበት መዝገብ አልነበረኝምና ይኸው አሁን ጻፍኩት።